ሰባት አባት፣ ስንት እናት?

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ደወለልኝ። ሰላምታው አልቆ፣ የዘመድ አዝማዱ ደኅንነት ተጠያይቆ ሲያበቃ ጉዳዩን አመጣው። ሴት ልጁን ሊድር ነው፤ እናቱ ለሠርጉ ይሄዳሉ፤ ቪዛውም ተገኝቷል፤ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አዲስ አበባ ንቅሳት በሌዘር የሚያጠፉ ክሊኒኮች አሉ አሉኝ። እባክህ እማዬን ወስደህ አንገቷን አስጠፋልኝ። ገንዘቡን እልካለሁ። የሙሽራው ቤተሰብ ፊት እንዲያ ሆና...» አለና ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው።

እኔ በልቤ ጨረስኩለት። «እንዲያ ሆና እንዳታሳፍረን» ማለቱ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከእሱ ይልቅ በራሴ አፈርኩ። አክስቴን ዕድሜ ልኬን አውቃቸዋለሁ። አንገታቸው ላይ ሦስት መስመር መኖሩን አውቃለሁ። ማን እንደነቀሳቸው፣ የት፣ ለምን፣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ሊጠፋ የተዘጋጀው ነገር ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አጥፊ ሆኖ ተሾመ ማለት ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። አንገቱ የአክስቴ ነው። ሲነቀሱ ማንም ፈቃዳቸውን አልጠየቀም፤ ሲጠፋ ግን ፈቃዱ የእሳቸው እንጂ የልጃቸውም የእኔም አይደለም። ንቅሳት ለዘላለም ይኑር ብዬ ለመሟገት አልተነሣሁም። የምሟገተው ለአንድ ነገር ነው፦ ሳይነበብ አይጥፋ። የእናቶቻችን ንቅሳት የቤተሰብ ታሪክ ሰነድ ነው፤ ለብዙዎቻችንም በሴት ወገን ያለን ብቸኛው ሰነድ ነው። እኛ ደግሞ አንዱን በሌዘር፣ ሌላውን በመቃብር እያጠፋን እጃችንን አጣጥፈን ተቀምጠናል።

እስቲ ስለ «ትውልድ ቆጠራችን» እንነጋገር። አባቴ እሳት ዳር አስቀምጠው ሰባት አባት አስቆጥረውኛል። ዛሬም ከእንቅልፌ ብቀሰቀስ ሳልደናቀፍ እቆጥረዋለሁ። በዚያ መሰላል ላይ ግን አንዲት ሴት የለችም። ሰባት ወንዶች፣ ያለ አንዲት ሴት፣ እርስ በርስ እየተወላለዱ እኔ ዘንድ ደርሰዋል! በዚህም እንኮራለን፤ «ዘሩን የማያውቅ» እያልንም ሌላውን እንነቅፋለን።

ጥንትም እንዲህ አልነበረም። ርስት በነበረበት የሰሜኑ ደጋ ሰው ትውልዱን የሚቆጥረው በአባቱም በእናቱም በኩል ነበር። አላን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 ሲያሳትም በሰፊው ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ የርስት መብት በሴትም በወንድም ሐረግ ይወርዳልና ቅድመ አያቱን ሴቲቱን በስም የማያውቅ ባለጉዳይ በሽማግሌ ፊት የሚከራከርበት አንደበት አይኖረውም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት አከተመ። የአዋጁን ፍትሕ አልሟገትም። ነገር ግን መሬቱ ሲቀር የሴቶቹን ስም ለማስታወስ የነበረን አንዱ ትልቅ ምክንያት አብሮ ቀረ። በእጃችን የተረፈው የሰባት ወንዶች ዝርዝር ብቻ ሆነ።

ወረቀትስ የለም ወይ? የመጀመሪያው ሀገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም.፣ ምዝገባው በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ነው። በ1920ዎቹ ወግዲ ገጠር ለተወለደች ሴት ይህ ሁሉ ከመሸ የመጣ ነው። አያቴ የተወለዱበትን ቀን የጻፈ የለም፤ የተዳሩበትን ቀን የጻፈ የለም። በሕይወታቸው ሙሉ በቋሚነት የተጻፈ ነገር ቢኖር ገላቸው ላይ የተጻፈው ብቻ ነበር።

ወግዲን ለማያውቅ ሰው ልንገር። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ከመካነ ሰላም አጠገብ ያለ ወረዳ ነው። በአንድ ወገን ቦረና፣ በሌላው ለጋምቦና ከላላ ያዋስኑታል፤ በደቡብ ምዕራብ ዓባይ ከምሥራቅ ጎጃም ይለየዋል። «ይለየዋል» የሚለው የካርታ ቋንቋ ነው። ሰዉ በበጋ ወንዙ ሲጎድል እየተሻገረ ይገበያያል፣ ይጋባል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን ዘመድ ነው። እንዲህ ባለ አገር የአንድ ቤተሰብ ታሪክ በአንድ መስመር አይወርድም፤ ወንዝ ይሻገራል፣ ሃይማኖት ይሻገራል፣ ስም ይለውጣል። ሰባት አባት የሚያስቆጥረው መሰላል ይህን ሁሉ አይችለውም።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ክሊኒክ ከመሄዳችን በፊት ሁለት ምሽት ደብተር ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ አንገትዎን ማን ነው የነቀሰዎት?» ብዬ ጀመርኩ።

ሳቁ። «ይኼ ደግሞ ምን ይወራል ልጄ!» አሉ። ከዚያ ግን ወሬው አላባራ አለ።

«ለውበት መስሎህ ነው? ለእንቅርት ነው እንጂ። አንገቴ ሊያብጥ ጀመረ፤ እናቴ ደነገጠች። የእሷም እናት እንዲያው ነበረች። ከኔ በፊት ታላቄን አስነቀሰቻት፤ ከኔ በኋላ ደግሞ ታናሼን። ሦስታችንም ሦስት ሦስት መስመር ነን።» የድስት ቂጥ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ እንደተለወሰ፣ መርፌዎቹ በክር አንድ ላይ እንደታሰሩ፣ ሁለት ሴቶች ትከሻቸውን እንደያዟቸው፣ ነቃሿ አንድ ቁና ገብስ እንደተከፈለች፣ አንድ ሳምንት እህል ሳይውጡ አጥሚት እየጠጡ እንደከረሙ ነገሩኝ። ድዳቸው የተወቀረው ግን ሌላ ጊዜ ነው፤ እሱ ጥርስ እንዲያምር ነው። ውቅራት የሚለው ቃል የወጣው ወፍጮ ሲደንዝ በመውቀሪያ ከሚወቀርበት ግስ መሆኑን ያሰበ ሰው ሕመሙን ለመገመት አይቸገርም።

አሁን አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። ያ የአክስቴ ልጅ፣ አንገት የሚያስጠፋው፣ በየማለዳው የእንቅርት እጢ ኪኒን ይውጣል። ሐኪሙ «በቤተሰብህ ውስጥ ይህ ሕመም ያለበት ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቀው «የለም» ብሎ ነበር። እናቱ፣ ሁለት አክስቶቹና ቅድመ አያቱ መልሱን አንገታቸው ላይ ጽፈው ይዘውት ነበር። ምክንያቱ የደጋው የአዮዲን እጥረት ይሁን ዘር ሐኪም ይለየው፤ በሀገራችን ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እንኳ በ2003 ዓ.ም. ነው። እኔ የምለው፣ ሐኪሙ የጠየቀው ጥያቄ መልስ ነበረው፤ መልሱን ግን እኛ ጌጥ ነው ብለን አለፍነው፤ ቆይተን ደግሞ ነውር ነው ብለን ልንፍቀው ተነሣን።

በሁለተኛው ምሽት ስለ አያቴ እጅ ጠየቅኋቸው። አያቴ በቀኝ እጃቸው ጀርባ ላይ ትንሽ ምልክት ነበራቸው። በልጅነቴ ያን እጅ ስስም አፍንጫዬ የሚያርፈው እሱ ላይ ነበር። አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። አክስቴ ዝም ብለው ቆዩና «እሱማ የሁለቱ ነው» አሉ።

የሁለቱ? አያቴ ታላቅ እህት ነበራቸው። ጣሊያን በወጣ ማግስት፣ ሁለቱ ልጆች ገበያ ወርደው ከዓባይ ማዶ የመጣች ነቃሽ አገኙ። እናታቸው እንቁላል ሸጠው ጨው እንዲገዙ ልከዋቸው ነበር። ጨዉ ቀረና ሁለቱም አንድ ዓይነት ምልክት በቀኝ እጃቸው አስነቅሰው ተመለሱ፤ ተገረፉም። አድገው ተዳሩ፣ ወለዱ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ታላቅየዋ ከነልጆቻቸው በሰፈራ ተወሰዱ። «ወለጋ ነው ሲሉ ሰማን፤ ኋላ አሶሳ ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ጠፋ። እናቴ ደግሞ ስማቸውን ካነሣች ታለቅስ ነበርና እኛም ማንሣት ተውን።» በዚያ ዘመን ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ የሰፈረው ሕዝብ 600,000 ገደማ ነው። ከመካከሉ አንዷ የአያቴ እህት መሆናቸውን በዚህ ዕድሜዬ ሰማሁ። ሰባት አባት የቆጠርኩት እኔ!

በማግሥቱ እናቴን ጠየቅኋቸው። «ምልክቱ ምን ይመስል ነበር?» እናቴ «የገብስ ዛላ ነው» አሉ። አክስቴ «የለም፣ ሚዶ ነው፤ ጥርሱን ቆጥሬዋለሁ» አሉ። ሁለቱ እህትማማቾች ተከራከሩ፤ እስከ ዛሬም አልተስማሙም። ፎቶግራፍ አለን? አንድ ብቻ አለን፤ አያቴ በነጠላ ተጠቅልለው እጃቸውን ሸሽገው የቆሙበት። እህትየዋን ፈልገን ብናገኝ የምንለይበት ምልክት በእጃችን ነበር፤ አርባ ዓመት ስንስመው ኖረን፣ አንድ ቀን ሳናነበው ቀበርነው። ቁጣዬ የመጣው ከዚህ ነው። ክሊኒኩ ላይ አልተቆጣሁም፤ የተቆጣሁት በራሳችን ነው።

ሌላው ዓለም እንዴት አድርጓል? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1796 ባወጣችው ሕግ ለመርከበኞቿ የዜግነት ማረጋገጫ ወረቀት ትሰጥ ነበር፤ መልካቸው ሲመዘገብ ጠባሳቸውና ንቅሳታቸው ጭምር ይጻፍ ነበር። በእንግሊዝ ሀገር የወህኒ ጸሐፊዎች የእስረኛውን ንቅሳት አንድ በአንድ መዝግበዋል፤ በኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ከ58,000 የሚበልጡ እስረኞችን ንቅሳት ከእነዚያ መዛግብት አውጥተው ሲያጠኑ፣ ወንጀለኛ ተብሎ የተናቀው ሰው የእናቱን ስም፣ የሚወዳትን ሴት ፊደል፣ የመርከቡን መልሕቅ ተሸክሞ እንደኖረ አሳዩን። ኢየሩሳሌምን የተሳለመ ምዕመን ከጥንት ጀምሮ መስቀልና የጉዞውን ዓመት ክንዱ ላይ ያስነቅሳል፤ ከግብፅ የፈለሰው የራዙክ ቤተሰብ እስከ ዛሬ በዚሁ ሥራ ላይ ነው፣ ከደንበኞቹም ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። የቀን ጽሕፈት ያለበት ገላ! የትውልድ ታሪክ የሚያጠና ሰው ከዚህ በላይ ምን ይመኛል?

ከሁሉ ግን ልቤን የነካኝ የአርመናውያኑ ነው። ሱዛን ካርዳሊያን እ.ኤ.አ. በ2011 «የአያቴ ንቅሳቶች» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች። በልጅነቷ የአያቷ ፊትና እጅ ላይ ያለው ምልክት ያስጠላት ነበር፤ አያቷም ስለሱ አይናገሩም። ልጅቷ አድጋ ስትመረምር ከ1915ቱ እልቂት በኋላ የተጠለፉ አርመናውያን ልጃገረዶች ገላ ላይ የታተመ ምልክት መሆኑን አወቀች። የአያቷ ዝምታ ትርጉም ያገኘው በምልክቱ ነው። እሷም የዘገየችው እንደኔ ነው፤ ግን ጠየቀች።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልዙር፤ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው «ንቅሳት በሃይማኖት የተከለከለ ነው» ይለኛል። ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28 አለ፤ በእስልምናም ክልክል መሆኑን ዑለማው ያስተምራሉ። ሕጉን አልከራከርም። ነገር ግን ኦሪቱ በሚነበብባት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ እናቶች ቆመው ያስቀድሱ ነበር፤ በወሎም ድዷን የተወቀረችው ክርስቲያንም ሙስሊምም ናት። ኃጢአት ነው ካልከኝም እሺ፤ ኃጢአትም ታሪክ ነው።

ሁለተኛው «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው። አንድ መርፌ ለሰፈር ልጅ ሁሉ ሲዞር ምን ሊያስተላልፍ እንደሚችል በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ተምረናል፤ ሕፃን ልጅ ተይዛ መወጋቷም የሚያስመሰግን አይደለም። ድርጊቱ መቆሙ ደግ ነው። ሆኖም ድርጊቱን ማስቆም አንድ ነገር ነው፤ የተደረገባቸውን ሴቶች ማሳፈር ሌላ። እኛ ሁለቱን አምታታናቸው። እናት ልጇ ትምህርት ቤት ስትመጣ ሻሿን አንገቷ ላይ እንድትጠመጥም ያደረግናት እኛ ነን።

ሦስተኛው ወዳጅ መሳይ ነው፤ ስለዚህ ይከፋል። «ይህ ፀሐይ ነው፣ ያኛው የመራባት ምልክት ነው፣ ይኼኛው ከጥንት ሥልጣኔ የወረደ ምሥጢር ነው» እያለ መዝገበ ቃላት የሚፈጥረው ነው። የእኔ ቤተሰብ ሚዶን ከገብስ ዛላ መለየት አልቻለም፤ እሱ ግን የማያውቃትን ሴት ክንድ ከሩቅ አይቶ ይተረጉማል! ንቅሳት ፊደል አይደለም። ትርጉሙ ያለው በምልክቱ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን በተነቀሰችበት ቀን፣ በገበያው፣ አጠገቧ በነበረችው እህት፣ በተከፈለው ገብስ ውስጥ ነው። ደራሲዎቻችንም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። የባለታሪኳን ቆንጆ አንገት በንቅሳት እያስጌጡ ስንት ገጽ ጻፉ፤ «ማን ነቀሰሽ?» ብሎ የጠየቃት ገጸ ባሕርይ ግን ስንት ነው?

አራተኛው ወጣቱ ነው። ክንዱን ከትከሻ እስከ አንጓ በግዕዝ ፊደል አስጽፎ «ታቱ ነው» ይላል፤ የአያቱን ደግሞ «ንቅሳት» ብሎ ያፍርበታል። ሁለቱም ቀለምና መርፌ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጠራ ጥበብ፣ በአማርኛ ሲጠራ ኋላቀርነት የሆነው ለምንድን ነው? መልሱን ለአንባቢ ትቻለሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ነገሩ ከባድ አይደለም። እናትህ፣ አክስትህ፣ አያትህ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ አጠገባቸው ተቀመጥ። ማን እንደነቀሳቸው፣ ነቃሿ ከየት እንደመጣች፣ የት ቦታ እንደነበረ ጠይቅ። ዓመቱን አትጠይቅ፤ «ያን ጊዜ ማን ተወልዶ፣ ማን ሞቶ ነበር? ዝናቡ እንዴት ነበር?» በል፤ ዓመቱ ራሱ ይወጣል። ማን አብሯቸው እንደተነቀሰ ጠይቅ፤ የጠፋው ዘመድ የሚገኘው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ለምን እንደተነቀሱ ጠይቅ፤ ለውበት፣ ለቡዳ፣ ለእንቅርት፣ ለሃይማኖት ወይም ለጨዋታ ሊሆን ይችላል። የሚሉትን በራሳቸው ቃል ጻፍ፤ አታርም፣ አታሳምር። እህታቸውን ለብቻ ጠይቅ፤ ከተለያዩም ልዩነቱን ሁለቱንም መዝግብ። ከፈቀዱ በቀን ብርሃን፣ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም አድርገህ ፎቶ አንሣ። ካልፈቀዱ በእርሳስ ሳል። በፌስቡክ አትለጥፈው፤ የቤተሰብ መዝገብ ነውና ከሰባቱ አባቶች ዝርዝር ጋር አስቀምጠው። በኋላ ማስጠፋት ከፈለጉ እጃቸውን ይዘህ አብረሃቸው ሂድ።

እኔና አክስቴም ክሊኒክ ሄድን። አንድ ቀን አይበቃም፤ በሳምንታት ልዩነት ብዙ ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል ተባልን። ሠርጉ ደግሞ ደርሷል። በመንገድ ላይ አክስቴ ዝም ብለው ቆዩና «አንገቴንስ ይፋቁት። ድዴን ምን ሊያደርጉት ነው? በልጅ ልጄ ሠርግ ላይ እንዳልስቅ ነው?» አሉ። ከነአንገታቸው ሄዱ፤ እየሳቁ የተነሡት ፎቶም ደርሶኛል። ልጃቸው በቀጠሮው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የድሮውን መልሱን እንዳስተካከለ ነግሮኛል። ሲመለሱ ይጥፋ ካሉ እወስዳቸዋለሁ፤ ደብተሩ ሞልቷል።

ያልሞላው የአያቴ እህት ገጽ ነው። ስለዚህ በመጨረሻ ይህን እጠይቃለሁ። በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ተነሥታ ወደ ወለጋ ወይም ወደ አሶሳ በሰፈረች ሴት እጅ ያደጋችሁ አንባቢዎች ብትኖሩ፣ አያታችሁ በቀኝ እጃቸው ጀርባ ላይ ትንሽ ምልክት እንደነበራቸው አስታውሱ። ሚዶ ይመስል ይሆናል፤ የገብስ ዛላም ይመስል ይሆናል። ነበር ካላችሁ ቤታችሁ ያሉትን ትልልቆች ጠይቁ፦ «ይህን ስታስነቅስ አጠገቧ ማን ነበረች?» ታናሽ እህቷ ነበረች ካሏችሁ፣ ወግዲ ውስጥ እናንተን ሳይቆጥር የኖረ ዘመድ አላችሁ።